ሁለተኛው በር

ነሐሴ ነው። ሐወሊ ላይ አየሩ ካልተጨመቀ ጨርቅ አይሻልም፤
የሻጂ ሱቅ ማቀዝቀዣ ከሚያበርደው የሚያንጠባጥበው አያንስም።
ረውዳ፣ የከሚሴዋ፣ ከጉያዋ ፌስታል አወጣች፣
መዳፍ የምታክል ማስታወሻ ከነመቀመጫዋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።
«ልትሞት ነው» አለችኝ። «ባትሪ ብቀይርላት እንኳ ሳምንት አትቆይም፤
አሥራ አንድ ዓመት ጽፌባታለሁ፤ ከሞተች አንዱም አይገኝም።»

የአሮጊቷ ነበረች፤ የክኒን ሰዓቷን የምትጽፍባት።
ልጆቿ ስልክ ሲገዙላት «ውሰጃት» ብላ ሰጠቻት።
ረውዳም በፕላስቲክ ብዕር አዲስ አጣጣል ተማረች፦
ወገብ የሌለው ኤ፣ በአንድ ጭረት የሚያልቅ ቲ፤
አማርኛዋን በሰው ፊደል፣
ሌሊት፣ ከካውያው አጠገብ ቆማ።

እኔ የምሠራው በሊኑክስ ነው። ሻጂ ሁልጊዜ ይስቅብኛል፦
«በነፃ የመጣ ነገር ዋጋውን በእንቅልፍ ያስከፍላል።»
ገመዱን ሰካሁ። ዝም።
ሌላ ቀዳዳ። ዝም።
ሌላ ገመድ፣ ከፊት፣ ከኋላ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤
እንግዳ መጣ የሚል አንድ ቃል አጣሁበት።

እስከ ዙህር አዛን ገመዱን ስወቅስ ቆየሁ።
ለካ እንዲህ ያለችው ሲሰኳት አትነቃም፤
መቀመጫዋ ላይ ያለውን ቁልፍ ካልተጫኑ ዓይኗን አትገልጥም።
ቀድመህ ብትጠራት «የለችም» ይልሃል ኮምፒውተሩ፤
ዘግይተህ ብትጠራት መጥታ ሄዳለች፣ ተዘግቷል በሩ።
በሩም ደግሞ ሁለት ነው፤ ዜሮ የሚባል፣ አንድ የሚባል፤
የመጀመሪያው ለይምሰል የቆመ ነው፤ ቢያንኳኩት ዝም ይላል።
የሚናገረው ሁለተኛው ነው፤
እሱም ለጥቂት ትንፋሽ።

«ጫኚ» አልኳት። ጫነች። ጠራሁ። መልስ መጣ፦
ፈቃድ የለህም።

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
«ይኼም ከፊል አለው?» አለች፣
ፓስፖርቷ ሰባት ዓመት በሰው መሳቢያ የከረመ ሴት።
አንዲት መስመር ጻፍኩ፣ ስሜን ከባለመብቶቹ ተርታ ያስገባች፤
ወጥቼ ገባሁ። ያለ ማኅተም፣ ያለ ወረፋ፣ ያለ ነገ ተመለስ አለቀች።

«አሁንም ጫኚ።»
አሥራ አንድ ዓመት በሁለተኛው በር
እንደ ጉንዳን አንድ በአንድ ይወጣ ጀመር፦

አርባ ዲናር፣ ለአብዬ ዓይን።
ሃያ አምስት፣ ለቆርቆሮ። የጎደለውን ሰዓዳ ትሙላ።
የጀማል ጫማ፣ ሃያ ስምንት።
ነጩ ክኒን ለአሮጊቷ፣ ከምግብ በኋላ።
የጀማል ጫማ፣ ሠላሳ አንድ። ጥቁር ይሁን ብሏል።
ደመወዝ የለም።
ደመወዝ የለም።
ደመወዝ፣ የሁለት ወር።
የጀማል፣ ሠላሳ ስድስት።
የጀማል፣ አርባ አንድ። የአብዬን እግር አከለ።
የጀማል፣ ቁጥሩን አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጫማ የተጻፈ የለም።

አንድ ነገር ብቻ አልገጠመም። ሲያበቃ ማሽኑ ጠየቀኝ፦
ሰዓቷ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ላስተካክለው?
ባትሪው ነው ስል፣
«አልቀረም» አለች ረውዳ። «እኔ ነኝ እንዲያ የሞላሁት።
እዚህ ቀትርን አሥራ ሁለት ይሉታል፤ እኛ ቤት ስድስት ነው።
ፀሐይቱ እንደሁ እዚያም እዚህም እኩል ነው አናት ላይ የምትወጣው።»

ሻጂ ከጓዳ «ጨረስክ?» ይላል።
ማሽኑ ይጠብቃል፦ አዎ፣ ወይስ አይ።

አይ አልኩት። ሁለቱም እንዳሉ ይቀመጡ።

የተገለበጠውን በፍላሽ ሰጠኋት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው።
ባትሪ ነው የጠየቀችኝ፣ ሁለት፣ ከቀጫጭኖቹ።
«አንድ ደቂቃ ነው አይደል ያለ ባትሪ የምትታገሰው?
ገና የምጽፈው አለኝ።»
እስትንፋሷን ይዛ
አሮጌዎቹን አወጣች።